ኮቢ ማይኖን ወንበር ላይ ያስቀመጠው ምንድን ነው?

ጁላይ 14 ቀን 2024 እንግሊዝና ስፔን በርሊን ላይ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሲገናኙ፣ ከዴክላን ራይስ ጎን መሀል ሜዳውን የያዘው ልጅ 19 ዓመቱ ነበር። ኮቢ ማይኖ ይባላል። በፕሪሚየር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ቋሚ ሆኖ ከተሰለፈ ገና ስምንት ወር አልሞላውም ነበር። በትልቅ ውድድር ፍጻሜ ላይ ለእንግሊዝ ከተሰለፉት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እሱ ሆነ። (ዓመትና ወሩን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ብቻ አለፈ። በኦገስት 2025 መጨረሻ ማይኖ ማንቸስተር ዩናይትድን በውሰት ወደ ሌላ ክለብ ልሂድ ብሎ ጠየቀ። ክለቡ እምቢ አለ። በዚያው ሰሞን ዩናይትድ በካራባኦ ካፕ በአራተኛው እርከን ከሚጫወተው ግሪምዝቢ ታውን ጋር 2 ለ 2 ወጥቶ በፍጹም ቅጣት ምት 12 ለ 11 ተሸነፈ። ማይኖ በዚያ ጨዋታ ቋሚ ነበር። በሊጉ ግን እስከ 2026 ጃንዋሪ አጋማሽ ድረስ አንድም ጨዋታ ከመጀመሪያው ደቂቃ አልተጫወተም።

ችሎታው ጠፋ እንዳይባል፣ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ጉዳት ነው እንዳይባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ የተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር። ከአሰልጣኙ ጋር ተጣላ የሚል ነገርም አልተሰማም። ታዲያ ምን ሆነ?

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልሱን ልጁ ውስጥ ይፈልጋል። ቀርፋፋ ነው፣ ተጋነነለት፣ ቶሎ ወጣ ይባላል። እኔ ግን ጉዳዩን በደንብ ለሚያየው መልሱ በአብዛኛው ከልጁ ውጪ ነው ባይ ነኝ። አንደኛው ነገር አሰልጣኙ ሜዳ ላይ ተጫዋቾቹን የሚደረድርበት መንገድ ነው። ሌላው የክለቡ የሒሳብ መዝገብ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡበት የ20 ዓመት አማካይ ብቻውን ሊቋቋማቸው አይችልም።

ከስቶክፖርት እስከ በርሊን

ማይኖ ኤፕሪል 19 ቀን 2005 ማንቸስተር አጠገብ ባለችው ስቶክፖርት ተወለደ። ወላጆቹ የጋና ተወላጆች ናቸው። በልጅነቱ ወደ ዩናይትድ አካዳሚ ገባና እዚያው አደገ። በሜይ 2022 ዩናይትድ ኖቲንግሃም ፎረስትን 3 ለ 1 አሸንፎ የወጣቶቹን ኤፍኤ ካፕ ሲያነሳ ማይኖ መሀል ላይ ነበር። ያን ጨዋታ ኦልድ ትራፎርድ ውስጥ 67,492 ሰው ተመልክቶታል። በዚያ የወጣቶች ውድድር እንዲህ ያለ ሕዝብ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም።

ለዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በጃንዋሪ 2023 በካራባኦ ካፕ ከቻርልተን ጋር ነው። የዚያን ጊዜ አሰልጣኝ ኤሪክ ቴን ሃግ በዚያ ክረምት ለቅድመ ውድድር ዝግጅት ወደ አሜሪካ ይዞት ሄደ። ቋሚ ሊያደርገው እንዳሰበ ያስታውቅ ነበር። ሂውስተን ላይ ከሪያል ማድሪድ ጋር ሲጫወቱ ግን ጨዋታው ገና ሲጀመር ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። እስከ ኖቬምበር አልተመለሰም።

ሲመለስ ወዲያው ከባድ ጨዋታ ሰጡት። ኖቬምበር 26 ቀን 2023 ጉዲሰን ፓርክ ላይ ከኤቨርተን ጋር። ያ ቀን በሁለት ነገር ይታወሳል። አንደኛው አሌሃንድሮ ጋርናቾ በአየር ላይ ተገልብጦ ያስቆጠራት ጎል ናት። ሁለተኛው የኤቨርተን ደጋፊዎች ተቃውሞ ነው። ሊጉ የገንዘብ ደንብ ጥሳችኋል ብሎ 10 ነጥብ ከቀነሰባቸው ገና ዘጠኝ ቀኑ ስለነበር ስታዲየሙ በተቃውሞ ካርድ ተሞልቶ ነበር። ማይኖ ከመስመር ላይ ጎል የምትሆን ኳስ አወጣ፣ ዩናይትድም 3 ለ 0 አሸነፈ። ያ የገንዘብ ደንብ በኋላ የእሱንም ዕጣ የሚነካ ይሆናል ብሎ በዚያ ቀን ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ወደ ደንቡ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ፈጣን ነበር። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ወልቭስ ላይ በ97ኛው ደቂቃ ሁለት ተከላካዮችን አልፎ 4 ለ 3 ያሸነፉባትን ጎል አገባ። በኤፕሪል ከሊቨርፑል ጋር 2 ለ 2 ሲወጡ ከሳጥኑ ጠርዝ አጠማዞ አስቆጠረ። ሜይ 25 ቀን ዌምብሌይ ላይ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ማንቸስተር ሲቲን 2 ለ 1 ሲረቱ ሁለተኛዋ ጎል የእሱ ናት፣ የጨዋታው ኮከብም እሱ ነበር። የመጀመሪያዋን ያገባው ጋርናቾ ነው። ሁለቱም 19 ዓመታቸው፣ ሁለቱም የአካዳሚው ልጆች። የዩናይትድ ደጋፊ የሆነ ሰው ያን ቀን ስለ መጪዎቹ 10 ዓመታት ቢያልም አይፈረድበትም።

ከዚያ የአውሮፓ ዋንጫ መጣ። የእንግሊዝ አሰልጣኝ ጋሬዝ ሳውዝጌት ከራይስ ጎን ማንን ላሰልፍ የሚለው ነገር አስጨንቆት ነበር። መጀመሪያ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድን ሞከረ። ቀጥሎ ኮነር ጋላገርን። ከስሎቬንያ ጋር በእረፍት ሰዓት ጋላገርን አስወጥቶ ማይኖን አስገባ፤ ጭቅጭቁም በዚያ አበቃ። ስሎቫኪያን፣ ስዊዘርላንድን፣ ኔዘርላንድን፣ በመጨረሻም ስፔንን የገጠመው ቡድን ማይኖን በቋሚነት ይዞ ነው የገባው።

ምን የተለየ ነገር አለው?

ኳስ የሚቀበልበትን መንገድ ማየት ይበቃል። አብዛኛው ወጣት አማካይ ተጋጣሚ ከኋላው ሲመጣበት ኳሷን ወደ መጣችበት ይመልሳታል። አደጋ የለውም፣ አሰልጣኝም አይቆጣም። ማይኖ ግን ጫናውን ይጠብቃል። ፊቱ ወደ ራሱ ጎል ሆኖ ኳስ ሲደርሰው ከኋላው የሚመጣውን ሰው እስኪጠጋው ድረስ ይተወዋል። ከዚያ በአንድ ንክኪ ሰውነቱን አዙሮ ያልፈዋል። ያለፈው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ያ ሰው ቦታውን ትቶ ስለመጣ ከጀርባው ሜዳው ተከፍቷል። ቡድኑ በሙሉ ወደ ፊት የሚሄድበት መንገድ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ነገር በስታቲስቲክስ ሰንጠረዥ ላይ ጎልቶ አይታይም። ጎል አይደለም፣ ለጎል የሚሆን ኳስም አይደለም። ለዚህም ይመስለኛል ደጋግሞ ያላየው ሰው “ይሄ ልጅ ምን ያደርጋል?” የሚለው። የዛሬ እግር ኳስ ግን ከፍ ብሎ በመጫን የተሞላ ነው። በዚያ ጫና መሀል ኳስ ይዞ ዞሮ የሚወጣ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ሳውዝጌት ከውድድሩ መሀል ላይ ተነስቶ የ19 ዓመት ልጅ ያስገባው ይህን የሚሠራ ሌላ ሰው ስላጣ ነው።

ጉድለቱንም መደበቅ አያስፈልግም። ማይኖ ረጅም ርቀት በፍጥነት የሚሸፍን ተጫዋች አይደለም። ተጋጣሚ ኳስ ነጥቆ በመልሶ ማጥቃት ሲሮጥ ከኋላ ተነስቶ መድረስ ይከብደዋል። ከጎኑ ሰፊ ሜዳ የሚያካልል አጣማሪ ይፈልጋል። በብሔራዊ ቡድን ራይስ ነበረው። በክለብ ግን እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ አላገኘም።

አሞሪም ሲመጣ

ቴን ሃግ በኦክቶበር 2024 መጨረሻ ተሰናበተ። ሩበን አሞሪም ከሊዝበን መጣና 3-4-2-1 የሚባለውን አሰላለፍ ይዞ ገባ። ሦስት ተከላካዮች፣ ግራና ቀኝ ሁለት የመስመር ተመላላሾች፣ መሀል ላይ ሁለት አማካዮች፣ ከአጥቂው ጀርባ ደግሞ ሁለት ተጫዋቾች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የልጁ ዓመት የተበላሸው እዚህ ነው።

በፕሪሚየር ሊግ አብዛኛው ቡድን መሀል ሜዳ ላይ ሦስት ሰው ያቆማል። የአሞሪም ሁለት አማካዮች ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሁለት ለሦስት ናቸው። አንዱ ወደ ፊት ከሄደ ሌላው ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ አንዱን ቦታ ለሚጋፋና ለሚነጥቅ ሰው ሰጠ፤ ለካሴሚሮ ወይም ለማኑኤል ኡጋርቴ። የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በ2025/26 ያን ቦታ የያዘው አምበሉ ብሩኖ ፈርናንዴዝ ነው።

ብሩኖ በተፈጥሮው ከአጥቂ ጀርባ የሚጫወት ሰው ነው። ግን በዚያ ክረምት ክለቡ ማቴውስ ኩንያንና ብራያን ምቡሞን በውድ ዋጋ ገዛ። ሁለቱም ከአጥቂው ጀርባ ያሉት ቦታዎች ይመቿቸዋል። ኩንያና ምቡሞ ሲመጡ ብሩኖ ወደ ኋላ ተገፋ። ብሩኖ ወደ ኋላ ሲገፋ ማይኖ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አሞሪም ራሱ ማይኖ የሚፎካከረው ከብሩኖ ጋር እንደሆነ በግልጽ ተናግሯል። ብሩኖ ደግሞ የክለቡ ምርጥ ተጫዋችና አምበል ነው፣ ጨዋታ የሚያመልጠውም ከስንት አንዴ ነው። ለ20 ዓመት ልጅ “ተፎካከር” ተብሎ የተሰጠው ሰው እንግዲህ ይህ ነው።

ከዚያ ቀደም ሌሎች ቦታዎችም ሞክረውታል። በፌብሩዋሪ 2025 ከክሪስታል ፓላስ ጋር አጥቂ አድርገው አሰለፉት። ዩናይትድ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በእኔ እይታ ያ ውሳኔ የሚያሳየው አሞሪም ልጁን ጠልቶት እንዳልነበረ ነው። የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገብቶት ነበር። በኤፕሪል በዩሮፓ ሊግ ከሊዮን ጋር ያን የማይረሳ 5 ለ 4 ሲያሸንፉ በ120ኛው ደቂቃ 4 ለ 4 ያደረጋት ጎል የማይኖ ናት። በሜይ ቢልባኦ ላይ ከቶተንሃም ጋር በተደረገው ፍጻሜ ግን የገባው መጨረሻ ላይ ተቀይሮ ነው። ዩናይትድ 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ሊጉንም 15ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ከዚያ ሽንፈት የተነሳ ሌላ ነገር ተከተለ። ለእኔ ከአሰላለፉ እኩል ከባድ ነው። ዩናይትድ በ2025/26 በአውሮፓ መድረክ አልተሳተፈም። ከካራባኦ ካፕ በመጀመሪያው ጨዋታ ወጣ። በጃንዋሪ ደግሞ በብራይተን ተሸንፎ ከኤፍኤ ካፕም በመጀመሪያው ጨዋታ ተሰናበተ። ሲደመር በዓመቱ የሚጫወተው ጨዋታ 40 ብቻ ሆነ፤ 38ቱ የሊግ፣ ሁለቱ የዋንጫ። ትልቅ ክለብ ውስጥ ያለ ወጣት አብዛኛውን ደቂቃ የሚያገኘው በሳምንቱ አጋማሽ በሚደረጉ ጨዋታዎች ነው። ኮከቡ ያርፋል፣ ልጁ ይጫወታል። በሳምንት አንድ ጨዋታ ብቻ ሲኖር የሚያርፍ ኮከብ የለም። ማይኖ ከአምበሉ ቀጥሎ ያለ ተጫዋች ብቻ ሆኖ ቀረ፤ አምበሉ ደግሞ አልደከመም።

ዕድል ሲመጣ እንኳ በተሳሳተ ሰዓት መጣ። ዲሴምበር 21 ቀን 2025 ቪላ ፓርክ ላይ ከአስቶን ቪላ ጋር ሲጫወቱ ብሩኖ ተጎዳ። በዚያ ጨዋታ ማይኖ አልነበረም። ልምምድ ላይ የባት ጡንቻው ተጎድቶ ውጪ ሆኗል። ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ከቦርንማውዝ ጋር 4 ለ 4 ሲወጡ ወንድሙ “ኮቢ ማይኖን ልቀቁት” የሚል ቲሸርት ለብሶ ስታዲየም ውስጥ ታይቶ ዜና ሆኖ ነበር። ቤተሰብ እንዲህ ሲያደርግ ልጁ ላይ ጫና ይጨምራል እንጂ አያግዘውም ብዬ አምናለሁ። ግን የተናደዱበት ምክንያት አይገባኝም ማለት አልችልም።

የሒሳብ መዝገቡ

አሁን ወደዚያ የገንዘብ ደንብ ልመለስ።

እስከ 2025/26 ድረስ የሠራው የፕሪሚየር ሊግ የትርፍና የዘላቂነት ደንብ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ይከለክል ነበር። ኤቨርተንና ኖቲንግሃም ፎረስት በ2023/24 ነጥብ የተቀነሰባቸው በዚህ ነው። የኤቨርተን 10 ነጥብ በይግባኝ ወደ 6 ወርዷል፣ የፎረስት 4 ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ክለቦች ከአቅማቸው በላይ አውጥተው እንዳይፈርሱ ነው የወጣው። ስሌቱ ግን ማንም ያላሰበው ውጤት አመጣ።

ክለቡ አንድ ተጫዋች በ70 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶ የአምስት ዓመት ውል ሲያስፈርመው ወጪው በመዝገብ ላይ በአንዴ አይሰፍርም። ለአምስት ዓመት ይከፋፈላል፤ በየዓመቱ 14 ሚሊዮን። ሽያጭ ግን በተገላቢጦሽ ነው። የተሸጠበት ዋጋ በዚያው ዓመት ይመዘገባል፤ ከዋጋው ላይ የሚቀነሰው ተጫዋቹን ለመግዛት ወጥቶ ገና ተከፍሎ ያላለቀው ወጪ ነው። አካዳሚ ውስጥ ያደገ ልጅ ደግሞ የተገዛበት ዋጋ የለም። ስለዚህ በ40 ሚሊዮን ቢሸጥ 40 ሚሊዮኑ በሙሉ ትርፍ ነው። በዚያ አንድ ልጅ ሽያጭ ሦስት የ70 ሚሊዮን ተጫዋቾች ያላቸውን የዓመት ወጪ ሊሸፍን ምንም አይቀረውም።

እንግዲህ በዚህ ስሌት ለክለቡ በጣም አትራፊው ሽያጭ የራሱ ልጅ ነው። ከሰፈሩ የመጣው፣ ማልያውን ከልጅነቱ የለበሰው፣ ደጋፊው ስሙን ጠርቶ የሚዘፍንለት ልጅ። በደንብ ያሳደግከውን ልጅ የሚያሸጥህ ደንብ ጤናማ ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል።

ምሳሌው ብዙ ነው። ቼልሲ ሜሰን ማውንትን በ2023 ለዩናይትድ፣ ኮነር ጋላገርን በ2024 ለአትሌቲኮ ማድሪድ ሸጠ። ሁለቱም ከሕጻንነታቸው ጀምሮ በቼልሲ ያደጉ አማካዮች ናቸው። ማንቸስተር ሲቲ ኮል ፓልመርን በ2023 ለቼልሲ ሸጠ። በበርሊኑ ፍጻሜ በ70ኛው ደቂቃ ማይኖን ቀይሮ የገባውና ከሦስት ደቂቃ በኋላ ለእንግሊዝ ያገባው ፓልመር ነው። ዩናይትድም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ስኮት ማክቶሚናይ በ2024 ወደ ናፖሊ ተሸጠ። በመጀመሪያው ዓመቱ የጣልያንን ሻምፒዮንነት አነሳ፣ የሴሪ አው ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ጋርናቾ በኦገስት 2025 በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ቼልሲ ሄደ። በዌምብሌይ ካገቡት ሁለት ልጆች አንዱ በዚህ መንገድ ወጣ። ሁለተኛውን ደግሞ ያን ክረምት ናፖሊ ይፈልገው ነበር።

ከሁሉም ከማይኖ ታሪክ ጋር የሚቀራረበው የኤሊየት አንደርሰን ነው። በኒውካስል አካባቢ ተወልዶ በኒውካስል አካዳሚ ያደገ አማካይ ነው። በ2024 ክረምት ክለቡ የሒሳብ ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ደንቡን ላለመጣስ ሲል ለፎረስት ሸጠው። መሸጥ አልፈለጉም ነበር። አንደርሰን ፎረስት ሄዶ በየሳምንቱ ተጫወተ። በሴፕቴምበር 2025 ቶማስ ቱኸል ለእንግሊዝ አሰለፈው፣ ወዲያውም የቡድኑ ቋሚ ሆነ። ከራይስ ጎን ያለችው ቦታ፣ ማለትም ማይኖ በርሊን ላይ የያዛት ቦታ፣ የአንደርሰን ሆነች። አዳም ዋርተንም አለ። በ2024 መጀመሪያ ከብላክበርን ወደ ክሪስታል ፓላስ ሄዶ በ2025 ኤፍኤ ካፕ አነሳ።

ይህን ሳይ የምደመድመው አንድ ነገር ነው። አንደርሰንና ዋርተን በችሎታ ከማይኖ ይበልጣሉ ብዬ አላስብም። የሚለዩት በደቂቃ ነው። አማካይ በ19ና በ21 ዓመቱ መካከል የሚማረው ነገር በልምምድ ሜዳ አይገኝም። መቼ መጠበቅ፣ መቼ መሮጥ፣ መቼ ጥፋት ሠርቶ ማስቆም እንዳለበት የሚያውቀው ተሳስቶ ጎል ሲቆጠርበት ነው። ማይኖ ያን ትምህርት የሚወስድበትን አንድ ዓመት ወንበር ላይ አሳለፈው። ቱኸል በጃንዋሪ 2025 ብሔራዊ ቡድኑን ከተረከበ በኋላ በዚያ ዓመት አንድም ጊዜ አላሰለፈውም። በዚህ ቱኸልን መውቀስ አይቻልም። ለክለቡ የማይጫወትን ልጅ ምን ብሎ ይጠራዋል?

ለዩናይትድ ፍትሐዊ ለመሆን፣ በ2025 ክረምት ማይኖን አልሸጡትም። ውሉ እስከ 2027 ነበር፣ ፈላጊም ነበረው። ግን በውሰትም አልለቀቁትም። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ይህ ነበር። ብትሸጠው ሌላ ቦታ ያድጋል። ብታውሰው ተጫውቶ ይመለሳል። አስቀምጠህ ካላጫወትከው ግን ልጁም ይጎዳል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ደንቡ ከ2026/27 ጀምሮ እንዲቀየር ተወስኗል። ክለቦቹ በኖቬምበር 2025 ድምፅ ሰጥተው የቡድን ወጪ ከገቢ 85 በመቶ እንዳያልፍ የሚያደርግ አዲስ ስሌት ተቀብለዋል። ከተጫዋች ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ ግን በአዲሱም ስሌት ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ የራስን ልጅ የመሸጥ ፈተና አይጠፋም።

ካሪክ የቀየረው

ጃንዋሪ 5 ቀን 2026 አሞሪም ተሰናበተ። ከሳምንት በኋላ ማይክል ካሪክ እስከ ውድድሩ ዓመት መጨረሻ ቡድኑን ተረከበ። ካሪክ በዩናይትድ መሀል ሜዳ ከ2006 እስከ 2018 የተጫወተ ሰው ነው። እሱም ፈጣን አልነበረም። እሱም የሚኖረው ኳስ በመቀበልና ቀድሞ በማየት ነበር።

የመጀመሪያ ጨዋታው ጃንዋሪ 17 ቀን ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ነበር። በአራት ተከላካይ ገባ። ብሩኖን ወደ ጥንት ቦታው ከአጥቂ ጀርባ መለሰው። ከካሴሚሮ ጎን ማይኖን አቆመ። ለማይኖ በዚያ ዓመት የመጀመሪያው የሊግ ቋሚነቱ ነበር፣ ያውም በደርቢ። ዩናይትድ 2 ለ 0 አሸነፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ኤምሬትስ ላይ አርሰናልን 3 ለ 2 ረታ። ማይኖ እዚያም ቋሚ ነበር።

ልብ በሉ፣ በዲሴምበርና በጃንዋሪ መካከል ልጁ ምንም አዲስ ነገር አልተማረም። እግሩ አልፈጠነም። የተለወጠው ሜዳው ላይ ያለው አደራደር ነው። ብሩኖ አሥር ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ ማይኖ የሚቆምበት ቦታ ተገኘ። ከፊቱ አምበሉ አለ፣ ከጎኑ ካሴሚሮ። ሳውዝጌት በርሊን ላይ ከሠራው ጋር ብዙም አይለይም።

አሞሪምን ሙሉ በሙሉ ጥፋተኛ ማድረግም ልክ አይመስለኝም። አሰልጣኝ የሚያምንበት ስልት አለው፤ ሊዝበን ላይ ዋንጫ ያነሳውም በዚያው ስልት ነው። ለዚያ ስልት ማይኖ አይመጥንም ብሎ ማሰቡ ከእግር ኳስ አንጻር የሚከራከሩበት እንጂ የሚስቁበት ሐሳብ አልነበረም። ጥያቄው የሚመለከተው ክለቡን ነው። ከ1937 ጀምሮ ዩናይትድ በእያንዳንዱ ጨዋታ ስብስቡ ውስጥ ቢያንስ አንድ የአካዳሚ ልጅ አለው። ከ4,000 በላይ ጨዋታ ማለት ነው። ክለቡ በዚህ ይኮራል፣ ደጋፊውም ይኮራል። በዚህ የሚኮራ ክለብ አሰልጣኝ ሲቀጥር እጁ ላይ ያሉት ምርጥ ልጆች የትኛው ቦታ ላይ ሊጫወቱ እንደሚችሉ አስቀድሞ መጠየቅ ነበረበት። 3-4-2-1 እንደሚመጣ ማንም ያውቅ ነበር። ማይኖ እዚያ ውስጥ ቦታ እንደሚያጣም መገመት ከባድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ነገር የ2026 ክረምት ነው። ካሴሚሮ በ2025/26 የውድድር ዓመት መጨረሻ እንደሚሄድ ክለቡ በጃንዋሪ 2026 አስታውቋል። አዲስ አማካይ መግዛታቸው አይቀርም። ከሚነሱት ስሞች ውስጥ አንደርሰንና ዋርተን አሉበት፤ ሁለቱም ለእንግሊዝ ቦታ ከማይኖ ጋር የሚፎካከሩ ናቸው። ሜዳ የሚያካልል፣ ተጋፍቶ የሚነጥቅ ሰው ከገዙ ማይኖ ራይስን የመሰለ አጣማሪ በክለቡ አገኘ ማለት ነው። የእሱኑ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሰው በ80 ወይም በ100 ሚሊዮን ከገዙ ግን ያ ሰው ወንበር ላይ እንደማይቀመጥ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከሚገዛው ተጫዋች ስም በፊት የሚቀጥለው ቋሚ አሰልጣኝ ማን እንደሚሆን፣ መሀል ሜዳ ላይም ስንት ሰው እንደሚያቆም ማወቅ ይሻላል። ዩናይትድም ከዚያ መጀመር አለበት።